ባዶ የመጡ የመቃብር ድንጋዮች

ጄኔቪቭ ማዙር በአሜሪካዋ ስክራንተን ከተማ፣ የከሰል አቧራ በማይለቀው የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ስትኖር፣ እውነተኛ ሥራዋን የሚያውቅ ጎረቤት አልነበራትም። ለጭራቅ መጽሔት የሚሆን፣ ከኒውዮርክ በፖስታ የሚመጣላትን የእርሳስ ሥዕል በጥቁር ቀለም እየተከተለች ትጨርሳለች፤ ሬሳ ከጉድጓድ ሲወጣ፣ ጭራቅ ሰው ሲበላ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ አንባቢው ጀግና ሰልችቶት ጭራቅ ካላየሁ ብሎ ስለነበር ሥራው ሞልቶ ተርፏል። ለሰው ግን "የጫማ ማስታወቂያ ነው የምስለው" ትል ነበር። ባል የሞተባት ሴት እንዲህ ያለ ነገር ትስላለች ቢባል ማን ደጇን ይረግጣል?

በተለይ ብሮኒያ ሲኮራ ፊቷን እንዳታዞርባት ትፈራ ነበር። ግድግዳ የምትጋራት ብሮኒያ ናት፤ ከእሷ ሌላ ዘመድ የላትም። "አንቺ፣ ያን ሁሉ ጫማ ስለሽ ለራስሽ ይሄን ቀዳዳ ታደርጊያለሽ?" እያለች የጎመን ሾርባ ይዛ ትገባለች።

የኒውዮርኮቹ ሰዓሊዎች የመቃብር ድንጋዩን ባዶውን ይልኩታል፤ ስም መጻፍ የጄኔቪቭ ፋንታ ነው። ሚያዝያ ላይ ሥራ ሲያጣድፋት ከመንገዱ ጫፍ ጀምራ የየቤቱን አባወራ ስም በየድንጋዩ ደረደረች። ለጨዋታ ነው፤ ክፋት አላሰበችም። የራሷን ቤት ግን ዘለለች። የራሷን ስም መቃብር ላይ? በስመ አብ! እጇ እምቢ አለ። አዬ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሐምሌ ላይ የብሮኒያ ባል ካዚክ የማዕድን ጉድጓድ ተናዶበት ሞተ። ጄኔቪቭ አብራት አለቀሰች፤ ስሙን የጻፈችበት ያ ድንጋይ ግን ትዝ አላት። ገጹ ማተሚያ ቤት ገብቷል፣ አይመለስ ነገር።

ጥቅምት ላይ የሰፈሩ ቄስ "ይህ የጭራቅ መጽሔት ልጆቻችሁን እያበላሸ ነው፤ ቅዳሜ አምጡና እናቃጥለው" አሉ። በየከተማው ሲቃጠል ነው የከረመው። ቅዳሜ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እሳት ተለኮሰ። ጄኔቪቭም እንዳትጠረጠር መጥታ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ሴቶቹ ከመወርወራቸው በፊት ገለጥ ገለጥ ያደርጋሉ፤ ሰው መቼም የከለከሉትን ማየት ይወዳል።

"ኧረ ጉድ! የባሌ ስም መቃብር ላይ ተጽፏል!" አለች አንዷ።

"የኔም ባል አለ! የአማቼም!"

መጽሔቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የመንገዱ ቤት ሁሉ በተራው አለ፤ አንድ ቤት ብቻ ጎድሏል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም፤ ዓይን ሁሉ "ጫማ ነው የምስለው" ባይዋ ጄኔቪቭ ላይ አረፈ።

ብሮኒያ ገጹን ይዛ ቀረበቻት። ጣቷ የካዚክ ስም ላይ ነበር።

"ከሞተ በኋላ ነው የጻፍሽው?"

ጄኔቪቭ መዋሸት ትችል ነበር። አልሆነላትም።

"በፊት ነው፣ ብሮኒያዬ። በሕይወት እያለ። በማርያም፣ ለክፉ አልነበረም!"

ብሮኒያ ገጹን ቀድዳ ጄኔቪቭ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

"እኔን ለምን ተውሽኝ?" አለቻት። "በይ፣ ከጎኑ ጻፊኝና ልረፍ።"