ከዳገት የወረደው ትራክተር

ሾፌሮች ዳገቴ ይሉታል። ከከተማው መውጫ ባለው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ አሮጌ ትራክተሩን አቁሞ ይጠብቃል፤ ጭነት ከብዶት የቆመ መኪና ሲያይ ሰንሰለቱን ይዞ ይደርሳል። ተራራው እስካለ ሥራ አይጠፋም ይል ነበር።

ተራራው አልጠፋም። የጠፋው መኪናው ነው። መንገድ ሠሪዎች ተራራውን ትተው በሜዳው ዞሩ፤ አስፋልቱ ረዘመ እንጂ ዳገት የሚባል የለበትም። ሲሚንቶውም ብረቱም ሳሙናውም በዚያ ይፈስ ጀመር።

"ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል፣ እኔ ዳገት ላይ ቀረሁ" አለ ለሚስቱ።

"ቀልድህን ተው። ወንድሜ ነገ ይመጣል። የትራክተሩን ሞተር ለሽንኩርት ማሳው ውሃ መሳቢያ ይፈልገዋል።"

"እኔ በቁሜ?"

"በቁምህማ ነው። አንተም ቆመሃል፣ እሱም ቆሟል።"

ሌሊቱን ዘነበ። በማግስቱ በአማቹ ፈንታ ስልኩ መጣ።

"እትዬ፣ ጋሼን አቅርቢልኝ! መኪናዋ ሽንኩርት እንደጫነች ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። አስፋልቱ እዚያ ይታየኛል፣ መድረስ ግን አልቻልኩም።"

ሚስትየው ሳቋን እየዋጠች ስልኩን ለባሏ አቀበለችው።

"ጋሼ፣ ትራክተሩን ይዘህ ድረስልኝ!"

"የቱን ትራክተር? የውሃ መሳቢያውን?"

"በሞቴ አትቀልድ! ሽንኩርቱ ይበሰብሳል።"

ዳገቴ ትራክተሩን አስነስቶ ወደ ሜዳው ወረደ። የሜዳው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ጎማ ይውጣል። አዲሱ መንገድ አገሩን ሁሉ ሽንኩርት አስተክሎታል፤ አስፋልቱ ግን ማሳ ድረስ አይገባም። ከአማቹ መኪና ወዲያ ሌሎችም እስከ ወገባቸው ገብተዋል።

"ዳገቴ! አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?" ብሎ አንድ ሾፌር ከጭቃው መሐል ጮኸ።

"ስትጠፉብኝ ልፈልጋችሁ መጣሁ!"

ሰንሰለቱን አሰረ። ትራክተሩ አሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ መኪናዋን እንደ ጥርስ ነቅሎ አስፋልት ላይ አወጣት።

አማቹ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተጠጋው። "ጋሼ፣ ያ የሞተሩ ነገር..."

"እህ? መፍቻህን አውጣ እንጂ።"

"ኧረ ይቅር! ሌላ አፈላልጋለሁ። ይልቅ ክረምቱ እስኪያልፍ እዚሁ ክረምልን፣ ማሳው ዳር ማደሪያ አለ።"

ዳገቴ ሰንሰለቱን እየጎተተ ወደሚቀጥለው መኪና ሄዷል።

"ለእህትህ ደውልላት" አለው ሳይዞር። "ምሳዬን ወደ ሜዳው ታምጣ በላት።"