የካቴድራሉ ባለ ዘንግ

ባለ ዘንጉ እንቢ ብለው ከእጃቸው ያላወጡት ነገር፣ መጠሪያቸው እስከ መሆን የደረሰው ያ ረጅም ዘንግ ነበር። ጫፉ በከፋይ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ፣ ከቁመታቸው እጥፍ የሚረዝም ዘንግ ነው። በእርሱ እየጠቆሙ የጥንታዊውን ካቴድራል ውስጥ ለጎብኚ ሲያሳዩ ወጣትነታቸውን ጨርሰው አርጅተዋል። ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ ጥርሳቸውን አጥተዋል፤ በመጨረሻም የዓይናቸው ብርሃን ጭል ጭል ሲል ከርሞ ከድቷቸዋል። ይህን ሁሉ ሲያጡ ከማንም ጋር አልተከራከሩም። ዘንጉን ግን አልሰጥም አሉ።

በእርሳቸው ዘንድ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ ዘንግ ሥዕል አይነካም። ጫፉ ከሸራው አንድ ስንዝር ሲቀረው ይቆማል፤ ከዚያ አያልፍም። ሥራውን ሊማር ከኋላቸው የቆመ ሁሉ ይህን ሕግ የተማረው በጣቶቹ ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ እጁን ከኪሱ የማያወጣ ዝምተኛ ወጣት፣ አንድ ቀን የመልአክ ክንፍ ሲያሳይ የዘንጉ ጫፍ ሸራውን ዳሰስ አደረገው። ባለ ዘንጉ ዘንጉን ነጠቁት፤ እጁን አስዘርግተው በእጀታው ጣቶቹን መቱትና ወደ ጎብኚዎቹ ዞረው፣ “ይቅርታ አድርጉልን፤ ይህ እጅ ለአካፋ የተፈጠረ ነው፤ መንገድ ስቶ ነው እዚህ የመጣው” አሉ። ጎብኚዎቹ ሳቁ። ተማሪውም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም። ይኸው ሰው ኋላ ሴት ልጃቸውን አግብቶ አማቻቸው ሆነ። ሽበት ጣል ጣል እስኪያደርግበት ድረስም ምክትላቸው ነበር።

ዓይናቸው መድከሙን ማንም እንዳያውቅባቸው ባለ ዘንጉ ካቴድራሉን በእግራቸውና በፊታቸው ያነቡት ጀመር። ከመግቢያው ቀጥሎ ያለው የወለል ድንጋይ በተንበርካኪ ጉልበት ብዛት ጎድጉዷል። ከዚያ አለፍ ሲሉ ከደወሉ ማማ ደረጃ ቀዝቃዛ ነፋስ ቁልቁል ይመጣል። ባለቀለም መስተዋት ካላቸው መስኮቶች ሥር ሲደርሱ ጉንጫቸው ላይ ሙቀት ያርፋል። በዚህ ሁሉ እየተመሩ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አንድም ጎብኚ ሳይጠረጥራቸው ይዘልቁ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ግን ከወንበር ጋር ይጋጫሉ። ልጃቸው ወንበሩን ትቆጣለች፤ አባቷን አትናገርም።

የካቴድራሉ አስተዳዳሪ የኋላ ኋላ ነገሩን ደረሰበትና አማቹ ባለበት ቢሮው አስጠራቸው።

“አባባ፣ አሁንስ አረፍ ቢሉ ምን ይመስልዎታል?”

“ለማረፍማ ከግንቡ ጀርባ መቃብር አለልኝ። ምን አስቸኮላችሁ?”

“ለእርስዎ ብለን ነው እኮ፣ አባባ” አለ አማቹ። “አንድ ቀን ከደረጃ ላይ...”

“አንተ ዝም በል። እጅህንም ከኪስህ አውጣ።” ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “በዚህ ካቴድራል ውስጥ ካለው አንዲት ነገር አሳስቼ ለጎብኚ የተናገርኩ ዕለት፣ ዘንጉን በገዛ እጄ አስረክባለሁ። እስከዚያው የሚጠይቀኝ እንዳይኖር” አሉ።

አማቹ ያችን ቃል ተቀብሎ ሆዱ ውስጥ አስቀመጣት።

ባለ ዘንጉ ከሥዕሎቹ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት በጨለማው ጥግ የተሰቀለውን ነበር። ታንኳ በማዕበል ተመትታ ልትሰጥም ስትል ያሳያል፤ በታንኳዋ ጫፍ መቅዘፊያው የተሰበረበት ቀዛፊ ፊቱን አዙሮ ተመልካቹን ያያል። ወደ ቀኝም ቢሄዱ ወደ ግራ ዓይኑ አይለቅም። ባለ ዘንጉ ጎብኚዎቻቸውን ወዲያና ወዲህ እያስኬዱ፣ “አያችሁ? አሁንስ አያችሁ?” ማለት የማይሰለቻቸው ደስታ ነበር።

ይህ ሥዕል፣ ካቴድራሉ ለጎብኚ በሚዘጋበት ቀን፣ ለጥገና ወረደ። እርጥበት እንደ ጎዳው እውነት ነው፤ ቀኑን ያፋጠነው ግን አማቹ ነው። አስተዳዳሪው፣ “ለአባባ ተነግሯቸዋል?” ቢለው፣ “እኔ እነግራቸዋለሁ” አለ። የነገረው ለሚስቱ ነው። “አንድ ቀን ያፍሩና ከዚያ በሰላም ይቀመጣሉ። ከደረጃ ወድቀው ከሚሞቱ አይሻልም?” አላት። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ዘንጉ ግድግዳ ሲነካ ባወቀ ነበር። ባለ ዘንጉ ግን አይነኩም። አማቹ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ጣቶቹ አልረሱትም።

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው የአባቷን ኮት ትከሻ ከወትሮው አርዝማ ቦረሸች።

“አቧራው ዛሬ በዛ እንዴ?” አሏት።

“ትንሽ ነው፣ አባባ” አለችና ብሩሹን አስቀመጠች። ከዚያም ቀድማቸው ሄዳ፣ በካቴድራሉ ውስጥ ሻማ ከምትሸጥበት ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠች።

አማቹ ጎብኚዎቹን በር ላይ ተቀብሎ፣ “ሽማግሌው ደከም ብለዋል፤ ያሉትን ሁሉ አዎ በሏቸው” ብሎ ሹክ አላቸው። ባለ ዘንጉ የዚያን ቀን ከመቼውም ይልቅ አማረባቸው። ስለ ዓምዶቹ፣ ስለ ጣሪያው ቅስት፣ ስለ መንበሩ ሲናገሩ ድምፃቸው ከድንጋዩ እየተመለሰ ያጅባቸው ነበር። ከጨለማው ጥግ ሲደርሱ ዘንጉን አነሡ፤ ጫፉ እንደ ልማዱ በስንዝር ቆመ። ከጫፉ ፊት ሥዕሉ ተሰቅሎበት የኖረው ግድግዳ፣ ከዙሪያው ነጣ ብሎ፣ ባዶውን አፍጥጦ ይታይ ነበር።

“ወደ ቀኝ እለፉ። ቀዛፊው አያችሁ?”

“አዎ” አሉ ጎብኚዎቹ፣ እርስ በርስ እየተያዩ።

“ወደ ግራ ተመለሱ። አሁንስ?”

“እያየን ነው” አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ከንፈሩን ነክሶ።

“በምን ዓይን ነው የሚያያችሁ? በቁጣ የሚሉ አሉ፤ በልመና የሚሉም አሉ።”

“እኔንስ ንቆኛል፣ አባባ። ጭራሽ ገላምጦኛል።”

ሳቁ ፈነዳ። ባለ ዘንጉ ጎብኚ ሲስቅላቸው ይወዱ ነበርና አብረው ፈገግ አሉ፤ ሳቁ እስኪያልፍም ዘንጉን እንዳነሡ ጠበቁ። ሳቁ ግን አላልፍ አለ። አንዱ ሲተው ሌላው ይቀበላል፤ ቅስቱም ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት አላስችላት አለና፣ “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ምንም የለም። ባዶ ግድግዳ ነው” አለች።

ሽማግሌው ዘንጉን ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። ስንዝሩ አለቀ፤ ዘንጉ ግን ገና ይሄድ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ምንም ነክቶ የማያውቀው ጫፍ ሻካራ ልስን ነካ። ወደ ታች ፈለጉ፣ ወደ ጎን ፈለጉ፤ ወደ ላይ ሲያወጡት ከአንድ ምስማር ጋር ተጋጨ።

አማቹ በለሰለሰ አንደበት፣ “አባባ፣ ቃል ቃል ነው። ዘንጉን ይስጡኝ” ብሎ እጁን ዘረጋ።

ድምፁን የሰማው አስተዳዳሪ መጥቶ ከአጠገባቸው ቆመ። “ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ አባባ። ቀሪውን እርሱ ያስጎብኝ” አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሽማግሌው ዘንጉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊታቸውን ወደ ሻማው ጠረጴዛ አዞሩ።

“ልጄ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?”

ከዚያ የተሰማው ሻማ ከሻማ ሲነካካ ብቻ ነው፤ ልጅቱ የተደረደረውን እንደገና ትደረድር ነበር። ባለ ዘንጉ ከዚያም ተዘርግቶ የሚጠብቃቸውን የአማቻቸውን እጅ ሳያዩት እንዲህ አሉ፦

“እኔ ያልኩት ከተሳሳትኩ ነው። አልተሳሳትኩም፤ ቀዛፊው ቦታው እዚህ ነው፣ መቅዘፊያው ተሰብሯል፣ የሚያየውም እናንተን ነው። የተሳሳተው ግድግዳው ነውና ሂድ፣ ዘንግህን ከግድግዳው ተቀበል። እናንተ ጎብኚዎች ተከተሉኝ፤ ቀጥሎ የምናየው የመላእክቱን መስኮት ነው። አንተም እንደ ልማድህ ከኋላ ና፤ እጅህንም ከኪስህ አውጣ።”