የሞተር ማጠቢያ

ገርጂ፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ፣ ስልሳን የተሻገረ ባለታክሲ ቆሟል። ኮቱ የሠርግ ነው፤ ክርኑ ግን ግራሶ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ያብለጨልጫል። የያዘው ጠርሙስ «ሞተር ያጸዳል፣ ዕድሜ ያረዝማል» ይላል። ወገኖች ሆይ፣ በዚህች ከተማ ዕድሜ የሚያረዝም ነገር ሁሉ በጠርሙስ ይቸበቸባል! የማደያው ሰልፍ ባለታክሲውን ሲያንገሸግሸው ከመንገድ ዳር የጀሪካን ቤንዚን ይገዛል። ቸርቻሪው ነጭ ጋዝ ይደባልቅበታል። ባለታክሲው ደግሞ ሞተሩን ይህን መርዝ ሲያጠጣ ከርሞ በማጠቢያ ንስሐ ያስገባዋል።

ዛሬስ ማጠቢያውም አልበቃውም። የታክሲዋን ታንከር ክዳን ፈትቶ ማጠቢያውን ጨመረ፤ አማተበና ከላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ጠብ አደረገበት።

«ኧረ ጋሼ! ነዳጅ ላይ ውኃ?» ጮኸ መካኒኩ ሚስባህ።

«ጸበል ነው።»

«እኛም ዘምዘም አለን፣ ታንከር ውስጥ ግን አንጨምረውም! ጋሼ፣ ካንዴላው ከስሏል፣ ሞተሩ ተበልቷል። አልቆለታል።»

ሰውዬው አልተቆጣም። የታክሲዋን ኮፈን እንደታመመች ላም ደባበሰ።

«እስከ ሰኔ ብቻ ታገሺኝ። ልጄ ትመረቅና፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ሁኚ።»

«ገና ጥር እኮ ነው፣ ጋሼ» አለ ሚስባህ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰውዬው ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳለ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ። ደግሞ አዞረ፤ ዝም። ወረደና የማጠቢያውን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ከታች ጥቂት ቀርቷል። የታንከሩን ክዳን እንደገና ፈታ።