ለክፉ ቀን የተቀመጠ ፎርማጆ

እናቴን ሰፈሩ «ጎተራ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነው። ምድር ቤታችን በፎርማጆ ተሞልቶ ሲያይ «ይቺ ሴትዮ አይጥ ልታገባ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እናቴም አብራው ሳቀች። ያኔ ለአጎቴ ፈራሁለት። እናቴ ቂም ስትይዝ አትጮህም።

ነገሩ የተጀመረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ገበያው ጭር ባለበት ወር ነው። አያቴ፣ የእናቴና የአጎቴ እናት፣ እኛ ቤት ታማ ተኝታለች፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይሆንም ብሏል። ከእናቴ ጋር አጎቴ ዘንድ ሄድን። ነጋዴ ነው፣ መጋዘን አለው። በሩን ገርበብ አድርጎ «እህቴ፣ እኛም አልቆብናል» አለ። ከኋላው፣ ከኩሽናው፣ ፎርማጆ ሲጠበስ ይሸታል። እናቴ እጄን ይዛ ተመለሰች። አያቴ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ለቅሶው ላይ ከሁሉ ልቆ የተሰማው የአጎቴ ድምፅ ነበር።

እናቴ የምትሠራው ወተት ፋብሪካ፣ ፎርማጆ ክፍል ነው። ከቀብሩ በኋላ በመጀመሪያው ደመወዟ አንድ ሙሉ ፎርማጆ ተሸክማ መጣች። በጨው ውኃ በራሰ ጨርቅ ጠረገችው፣ ላዩ እስኪደርቅ ቀናት ጠበቀች፣ ከዚያ ሰም አቅልጣ ደጋግማ ቀባችው። ከመጨረሻው ሽፋን በፊት ቀን የተጻፈባት ወረቀት ለጠፈችበት። እንዲህ እንዲህ እያለች አርባ አደረሰቻቸው፤ በየሳምንቱም አንድ በአንድ ታገላብጣቸዋለች። አንድ ቀን ሳግዛት ነው ልብ ያልኩት፤ ሁሉም ላይ ያለው ቀን አንድ ነው።

«እማዬ፣ ተሳስተሻል እኮ። የቱ ቀድሞ መበላት እንዳለበት በምን ይታወቃል?»

«የሚበላው ሰው ያውቀዋል» አለችኝ።

ቀኑን ደግሜ አነበብኩት። አያቴ ያረፈችበት ቀን ነው።

ዘንድሮ ድልድዩ ፈረሰና ገበያው እንደገና ጭር አለ። አጎቴ ዋጋ ሲንር ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን እህል ሁሉ ጠርጎ ሸጦት ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ኮቱ ሰፍቶት ደጃችን ቆመ።

«እህቴ፣ አልቆብናል።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያቺን ቃል ከአፉ ስሰማ ደስ አለኝ። እናቴ በሩን ፊቱ ላይ ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን እዘጋው ነበር።

እሷ ግን ምድር ቤት ወርዳ ከሁሉ የሚያምረውን አቅፋ መጣች። አጎቴ ሁለት እጁን ዘረጋ። «እግዜር ይስጥሽ። ድሮም አንቺ ሆደ ሰፊ ነሽ።»

«ሳይቆርጡት በፊት ወረቀቷን ያንብቧት፣ ጋሼ» አለችው። አያቴ ካረፈችበት ቀን ወዲህ አንቱ ነው የምትለው።

በቀጭኑ ሰም ውስጥ የሚታየውን አነበበ። ፎርማጆውን ደጃፉ ላይ ሊያስቀምጠው ጎንበስ አለ፤ አላስቀመጠውም። ርቦታል።

«ያን ቀን… ሸቶሽ ነበር?»

«በቅቤ ነበር የሚጠበሰው» አለች እናቴ። «ሠላሳ ዘጠኝ ይቀራሉ። ባለቀብዎ ቁጥር ይምጡ።»