ለሀገር የታጨው የበሬ ዘፈን

ሀገራችንን ወክሎ ውጭ የሚወዳደር ዘፈን ለመምረጥ ዳኞች ጂንካ መጡ፤ እኔም ልዘግብ አዳራሹ ገባሁ። ከካንጋተን የመጣ ጎልማሳ የበሬውን ቀንድ እያወደሰ ዘፈነ። እሱ ባደገበት መንደር ወንድ የሚወደውን በሬ ያወድሳል፤ በበሬውም ስም ይጠራል።

ዳኞቹ ወደዱለት። «ታልፋለህ፤ ብቻ የበሬውን ስም አውጥተህ የሀገርህን አስገባ» አሉት ሰብሳቢው።

«ሀገር ቀንድ አላት እንዴ?» አለ ዘፋኙ።

አዳራሹ ሳቀ። «ቀንዱን ተወዋ፣ ወንድሜ» አሉት ሰብሳቢው።

«ቀንዱን ከተውኩማ የሌላ ሰው በሬ ማወደሴ ነው።»

ማይክሮፎኑን መልሶ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁና «ውጭ አገር መሄዱ አላጓጓህም ወይ?» አልኩት።

«ያጓጓል» አለኝ፤ «ግን ተመልሼ የምገባው በሬዬ ዘንድ አይደል?»