አሚን የማይባልበት

የሱዳን ጦርነት ሳይነሣ፣ ካርቱም ጀብራ ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ስሜን ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ፣ ሻዩን!» ሲሉኝ አለሁ፤ ካልጠሩኝ የለሁም። እናቴ ከወሎ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋው ብቸኝነቱ ይብስብኛል።

በዚያው ስልክ አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። በየዓረብ አገሩ መኖር የመረረን ሰዎች የምንጻጻፍበት ነበር፤ ስም የለው፣ ፊት የለው። መጀመሪያ ያነበብኩት እያለቀስኩ ነው። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም! ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኛ ግን ሁላችንም ሆድ የባሰን፣ ማጭድ የምንዋዋስ ነበርን። «ለእናቴ ልንገራት» ያለችውን «አትረዳሽም፣ ተይ» ይሏታል። መሞት ያማራትን ግን የሚያበረታታት ሞልቷል። አንዷ ድምጿ ሲጠፋ የሻማ ሥዕል ይደረድሩላታል፣ በማግሥቱ ይረሷታል። ይህን በዓይኔ እያየሁ፣ እኔ ሞኟ፣ የሚወዱኝ እነሱ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ «አላህ ይውሰደኝ፤ እምቢ ካለ ራሴ እሄዳለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ስልኬ ተንጫጫ፤ አሚን፣ አሚን፣ አሚን እህቴ። ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

በማግሥቱ አርብ እረፍቴ ነበር። ሐሳቤን ሳልናገር የማውቃቸውን የአገሬን ሴቶች ልሰናበታቸው ብዬ አል-ሳሃፋ ሰፈር ሄድኩ። እዚያ የወሎ ሴቶች አንዲት አሮጊት ቤት ወዳጃ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዷ የልቧን ትናገራለች፣ ሌሎቹ እጃቸውን ዘርግተው አሚን ይሉላታል። አንዷ ለመኖሪያ ፈቃዷ፣ ለኢቃማዋ፣ አንዷ ለታመመ ልጇ አስለመነች። ተራዬ ሲደርስ ሳላስበው ያው የጻፍኩት ወጣኝ።

«አላህ እንዲወስደኝ ዱዓ አድርጉልኝ።»

አሚን የሚል ጠፋ። የተዘረጉት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

«በዚህ ላይ አሚን አይባልም» አሉ አሮጊቷ። ተነሥተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ አትደብቂኝ። ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ይህን በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ኻላስ፣ በቃ፤ ዛሬ ጀብራ የሚባል የለም፤ እኔ ጋ ታድሪያለሽ። ነገ ሙስተሽፋ አብረን ሄደን ለሐኪሙ ትነግሪዋለሽ። እህል ቀምሰሻል?»

ስልኬ እንደገና ጮኸ።

«ማነው?»

«ስለ ሞት የምጽፍላቸው ሰዎች ናቸው።»

«ያውቁሻል?»

«አያውቁኝም።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉ። ስሜን ከነአባቴ ጠርተው «አላህ ያኑራት» አሉ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ከእኔ አፍ ግን አሚን አልወጣም።

ከግሩፑ ወጣሁ፤ ሐኪሙ ጋ ተመላለስኩ። በየአርቡም ያንኑ ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር፤ እኔ ግን አሚን አልልም ነበር። ብዙ ወራት አልፈው አንድ ቀን አሠሪዎቼ ጣሪያ ላይ ብቻዬን የሰው ልብስ ሳሰጣ የአሮጊቷ ዱዓ ትዝ አለኝ። እርጥብ እጄን ሳልጠርግ «አሚን» አልኩ።