የርግቧ ዋስ

የያዙኝ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከክፍል ውስጥ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እንድጨርስ ፈቀዱልኝ። ጨርሼ፣ አራት ነጥቡን አድርጌ ወጣሁ። ጣቢያ ስንደርስ ጠመኔው ገና ጣቶቼ ላይ ነበር።

የሴቶች ክፍል የሚባለው ቤት ድሮ የእህል ማከማቻ ነበር። መስኮት የለውም። ግድግዳውና የጣሪያው ቆርቆሮ በማይገናኙበት በኩል አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት አለ፤ ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው። ወለሉ በቆሎ በቆሎ ይሸታል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ፣ ጥግ ላይ የከብት ቆዳ ጀንዲ አንጥፈው የተቀመጡ አንዲት ሴት አየሁ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ያኔ የማውቀው ኦሮምኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ እሱኑ መለስኩላቸው። ጀንዲያቸውን ሳብ አድርገው ግማሹን ለቀቁልኝና በአማርኛ ቀጠሉ።

ከአርጆ ነው የመጡት። ቀያሾች እሳቸው በሚያርሱት ማሳ መካከል ችካል ተከሉ። እሳቸውም ነቅለው ማገዶ አደረጉት። ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም ነበር፤ እንጨቱ ደረቅ እንደነበረና ጥሩ እንደነደደ ብቻ ነው የነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳዳ እላቸው ጀመር፤ አክስቴ እንደማለት ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት አገልግሎት ነቀምቴ የላከኝ አስተማሪ ነበርኩ። በከተማው ስለ መሬት የሚያወራ ወረቀት ተበትኖ ተገኘ። የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ በየማለዳው ያስጠራኝና አንድ የተተየበ ገጽ ከፊቴ ያደርጋል። ወረቀቱን በትምህርት ቤታችን ማባዣ ያባዛው አንድ የሥራ ባልደረባዬ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይላል ገጹ። አላየሁም። በየቀኑ አላየሁም እላለሁ፤ ቀና ብዬ ሰው ማየት ስለማይሆንልኝ ለጠረጴዛው ነበር የምናገረው። መቶ አለቃው አልተቆጣኝም። ዓይነ አፋር ሰው ቶሎ ይፈርማል፣ ልምዴ ነው ይለኝና ወደ ክፍሌ ይመልሰኛል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሲደበደብ ከአዳዳ ጋር መነጋገር አልተቻለም። ሲያባራ በዚያ ክፍተት አንድ ነገር ወድቆ ጭኔን መታኝ። ርግብ ናት። ግራ ክንፏ ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ደረቷ በኃይል ይመታል።

አዳዳ ነጠላቸውን ጣል አድርገውባት አነሷት። ክንፏን ከሥሩ እስከ ጫፉ በሁለት ጣት እየጫኑ ሄዱ። አልተሰበረም፣ ወልሟል አሉ። ከነጠላቸው ጥለት አንድ ቅዳጅ ቀድደው ክንፏን ከጎኗ ጋር አሰሩላት። ከዚያ ከምሳችን የተረፈውን የበቆሎ ንፍሮ አኝከው መዳፋቸው ላይ አደረጉ። ርግቧ ትንሽ አየችውና በላች።

«ይቺ የጫካ ጉጌ አይደለችም» አሉ። ጉጌ ርግብ ነው። «እጅ ታውቃለች። ሰው ያሳደጋት ናት።»

ቀለበቱን ያየነው ያን ጊዜ ነው። ቀኝ እግሯ ላይ ከቆርቆሮ የቀለለ ነጭ ቀለበት ነበረ፤ ሁለት የላቲን ፊደላትና አምስት አኃዝ ተቀርጾበታል። እንዲህ ያለ ቀለበት ርግብ የሚያረቡ ሰዎች ለጫጩት እንደሚያደርጉና እግሯ ካደገ በኋላ እንደማይወልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንብቤ ነበር። ይህን ነገርኳቸው። አዳዳ ስሟ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሯ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያ የመንግሥት ናት» አሉና ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው ጸሐፊ የእስረኛ ቁጥር ሊያደርጉ መጡ። ጸሐፊው የጎጃም ሽማግሌ ናቸው፤ በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት ተምረዋል፤ የተጻፈ ነገር አይፋቅም የሚል እምነት አላቸው። መቶ አለቃው ወደ ዋና ከተማው ለአምስት ቀን ሲሄድ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥቷቸው ነበር፤ ወደ ሴቶቹ ክፍል የገባ ሁሉ ይመዝገብ ብሎ። ከምግብ አገልግል ሥር ወረቀት እንዳይገባ ነበር ፍርሃቱ። ጸሐፊው ርግቧን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ከዚያ መዝገቡን ገለጡ።

መዝገቡ አንድ ብቻ ነው፤ የእስረኛ መዝገብ። ስም በሚለው ሥር የቀለበቱን ቁጥር ጻፉ፤ ፊደላቱን እኔ አነበብኩላቸው። የአባት ስም ሲሉ አዳዳን ቀና ብለው አዩአቸው፤ አዳዳም አባቷ እንዳልመጣ ነገሯቸው። ወንጀል በሚለው ሥር «ገና በምርመራ ላይ» ብለው ጻፉ። ከእኔም ስም ፊት የተጻፈው ይኸው ነበር።

አምስቱን ቀን ርግቧ ከእኛ ጋር ኖረች። የተማሪዎቼ እናቶች ተራ ገብተው ምግብ ይልኩልን ነበር። አዳዳ ሁልጊዜ መጀመሪያ ለእሷ የሚሆነውን ይለያሉ፤ አንጮቴ የሚባለው የአገሩ ሥራ ሥር ሲመጣ ግን አትወድም፣ ከሩቅ አገር ናት ይሉና የሷንም ድርሻ ይበሉላታል። በአራተኛው ቀን እስሩን ፈቱላት። ክንፏን ዘረጋች፤ አጠፈች፤ ጀንዲው ላይ ሁለት ጊዜ ብድግ አለች። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትበራለች አሉ አዳዳ።

መቶ አለቃው የተመለሰው በማግስቱ ነው። ወሬውን ከዘበኛው ሰምቶ ሁለታችንንም ከነርግቧ አስጠራን። አዳዳ ከነጠላቸው ሥር ይዘዋታል። ቀለበቱን አየው። አገላብጦ አየው። ከማን የተላከ ነው፣ ቁጥሩስ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። የማውቀውን ነገርኩት። አላመነኝም፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም ማመኔን እንጃ። ቀለበቱ በዚያው ቀን ለበላይ መላክ እንዳለበት ተናገረ። ዘበኛው ሊያወልቀው ሞከረ፤ አልወለቀም።

«እግሯን ቁረጠው» አለው መቶ አለቃው።

ዘበኛው ከወገቡ ቢላዋ አወጣ። መቶ አለቃው ደግሞ ከመሳቢያው ያንን የተተየበ ገጽ አወጣና ብዕሩን ከላዩ አስቀመጠ።

«ወይም ይህን ፈርሚና ወፍሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ብዕሩን አነሳሁት። ይህን አልደብቅም። የርግቧ እግር ቀይ ነበር፤ ቀጭን፤ ከክብሪት እንጨት ብዙም አይበልጥም። ገጹ ላይ የባልደረባዬን ስም አየሁት። ትንሽ ልጅ አለችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትከሻው ላይ አድርጓት ወደ ገበያ ይሄዳል። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ የጸሐፊው መዝገብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተዘርግቶ አየሁ።

«ጌታዬ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «በመዝገብ የገባ እስረኛ በዋስ ይወጣል።»

መቶ አለቃው ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ተነሥተው ቆሙ፤ ትእዛዙ የገባ ሁሉ ይመዝገብ ስለሚል መመዝገባቸውን አስረዱ። ሰርዘው አለ መቶ አለቃው። ጸሐፊው ገጹ ቁጥርና ማኅተም እንዳለበት፣ ሥርዝ ድልዝ ከተገኘ ወር ሳይሞላ የሚመጣው የመዝገብ መርማሪ ሁለታቸውንም እንደሚጠይቅ ነገሩት። ከዚያ ቀስ ብለው ጨመሩ፦

«እግሯ ተቆርጦ ብትሞት ደግሞ፣ ጌታዬ፣ ሞተች ብዬ ስጽፍ የሐኪም ወረቀት ያስፈልገኛል።»

ዘበኛው ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መቶ አለቃው ግን አልሳቀም፤ መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ አነበበ። በመጨረሻ ዋሷ ማን ነው አለ።

«እኔ» አሉ አዳዳ።

እስረኛ ዋስ አይሆንም አላቸው። አዳዳ ርግቧን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ ዋስ የሚፈራው ይጠፋል ተብሎ አይደለም? እኔ የት እጠፋለሁ? እዚሁ ነኝ።»

ጸሐፊው ዋስ መሬት ያለው መሆን አለበት ብለው ጣልቃ ገቡ። ሊከለክሉ አልነበረም፤ ቅጹ ላይ ያለ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

«መሬት አለኝ» አሉ አዳዳ። «የታሰርኩትም ለሱ ነው።»

ጸሐፊው እንደተባለው ጻፉ፦ በአርጆ መሬት ያላቸው። መቶ አለቃው ለምን እንዳላስቆማቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ፈልጎ ይሆናል። የቀለበቱን ጽሑፍ በወረቀት ላይ በጥንቃቄ ገልብጬ ሰጠሁት፤ እሱ ለበላይ ይላካል። ዋስትናው «በተፈለገች ጊዜ አቀርባለሁ» ይላል። አዳዳ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉበት። ምስክር በሚለው ቦታ ብዕሩን አንስቼ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። መቶ አለቃው እጄን ሲከተል ቆይቶ፣

«ለወፍ ትፈርሚያለሽ፣ ለዚህ አትፈርሚም?» አለኝ።

በዚያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ አየሁት።

«ይህንን አይቻለሁ፣ ጌታዬ። ያንን አላየሁም።»

ገጹን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተ።

ግቢው ውስጥ በረዶው የላጠው አንድ ባሕር ዛፍ ነበር። አዳዳ ከዛፉ ራቅ ብለው ቆሙና እጃቸውን ከፈቱ። ርግቧ ወዲያው አልሄደችም። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ወጣች፤ ላባዋን አስተካከለች። ከዚያ ተነሥታ ከግቢው በላይ ሦስት ጊዜ ዞረችና ወደ ምሥራቅ አቀናች። ዘበኛውም ከእኛ ጋር ቆሞ እስክትጠፋ አያት። ቢላዋውን መቼ እንደመለሰው አላየሁም።

በማግስቱ ጸሐፊው ቁጥር ሲያደርጉ የአዳዳን ስም ጠሩ፤ የእኔን ጠሩ፤ ከዚያ ያንን ቁጥር ፊደል በፊደል አነበቡ።

«በዋስ ወጥታለች» አሉ አዳዳ።

ጸሐፊው ምልክት አደረጉ።

እኔ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተፈታሁ፤ ገጹ ሳይፈረም። ባልደረባዬን የነካው የለም። አዳዳ ቀሩ። ስወጣ ርግቧ የታሰረችበትን የጥለት ቅዳጅ ሰጡኝ። እሳቸው በኋላ ወደ አርጆ እንደተመለሱና ማሳቸውን እንደሚያርሱ ከአገራቸው ሰው ሰማሁ፤ ችካሉ እንደገና ይተከል አይተከል ግን አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆኗል። አሁንም አስተምራለሁ፤ አሁንም ስናገር ጠረጴዛውን ማየት ይቀናኛል። የሚፈረም ነገር ሲመጣ ግን ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ፤ የሚጠብቀኝ ሰው ይጠብቅ። ዋስትናው አልተነሣም፤ ርግቧንም እስካሁን የጠራት የለም። ከተጠራች ምስክሯ እኔ ነኝ። ያየሁትን እናገራለሁ።